የአለላ ጉትቻና የእጅ ዋጋ፦ በጎንደር ከባለሙያ ሴቶች ጋር ጌጥ ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ስፌት የምታውቅ ሴት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። በአዘዞም ሆነ በማራኪ፣ በአራዳ ዙሪያም ሆነ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ፣ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚሰፉ እናቶች አይጠፉም። የጎደለው ሙያ ሳይሆን የእጅ ዋጋ ነው። ሳምንታት የፈጀ ሌማት ገበያ ሲወጣ ገዢውም ሻጭዋም የሚከራከሩት በስፌት ሣሮቹ፣ ማለትም በስንደዶውና በአክርማው፣ እንዲሁም በቀለሙ ወጪ ላይ ነው፤ ሰፊዋ ያሳለፈቻቸው ቀናት ከሂሳቡ አይገቡም። ስለዚህ የምትሸጠው ሌማቱን ሲሆን በነጻ የምትሰጠው ደግሞ ሙያዋን ነው።

ይህ መመሪያ ይህን ሂሳብ ማስተካከል ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ የጌጣጌጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ ልብስ ነዳፊ ወጣት፣ የሰፈር ማኅበር ወይም ራሷ ሰፊዋ ልትሆን ትችላለች። ዋና ምሳሌ ያደረግሁት የአለላ፣ ማለትም ቀለም የተነከረ የስፌት ሣር፣ ጉትቻን ነው። መሶብ ሰው በዕድሜው አንዴ ወይም ሁለቴ የሚገዛው ዕቃ ነው፤ ጉትቻ ግን በየበዓሉ ይገዛል፣ ለእኅትም ለጓደኛም ይሰጣል፣ ትንሽ ማቴሪያል ይፈጃል፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። አብዛኛው ዋጋው እጅ ስለሆነ ገንዘቡም ወደ እጅ ይሄዳል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ችግረኛ ሴቶችን ይርዱ» የሚል ካርድ አትሞ መሸጥ ቀላል ነው። ገዢዋ አንድ ጊዜ አዝና ትገዛለች፤ ተመልሳ የምትመጣው ግን ጉትቻው ካማራትና ካልተፈታባት ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች የሚመጣው ብዙው ነገር ስለ ጥራትና ስለ ሂሳብ እንጂ ስለ ርኅራኄ አይደለም።

አንደኛ፦ ከማን ጋር እንደሚሠሩ ይወስኑ

ከአራት እስከ ስድስት ሴቶች ይዘው ይጀምሩ። ሃያ ሰው ሰብስቦ ለአምስቱ ብቻ ሥራ መስጠት ቅያሜ ይፈጥራል። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዷ እጇ የተመሰከረላት ሰፊ መሆን አለባት፤ ሌሎቹን የምታርመው እርሷ ናትና፣ ለማረሚያው ጊዜም ይከፈላታል።

ሥራው በይበልጥ የሚያስፈልጋትን ሴት ለማግኘት የዕድር ዳኛዎችንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ይጠይቁ። ቤት ለቤት ስለሚሄዱ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገውን፣ ከገጠር ተፈናቅላ የመጣችውን፣ ሰው ቤት እንጀራ በመጋገር የምትኖረውን ያውቃሉ። ችግሯን በሰው ፊት እንድትናገር አያድርጉ፤ «ሙያዎን ፈልገን መጣን» ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው።

ጎንደር ውስጥ ስፌት ብቻ አይደለም ያለው። ፈትል አለ፤ ጥጥ ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት የምትፈትል ሴት ድሩንና ማጉን ለሸማኔ ታቀርባለች። ሸክላም አለ። ከከተማዋ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ነዋሪዎቿ በብዛት በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት የማጓጓዣ ዘመቻዎች ዘመን ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላ ሥራው እዚያው ቀርቷል። ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭንና ፋቂን «ቡዳ» እያለ ያገለለው የቆየ ልማድ ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ሰፊዎችንና ሸክላ ሠሪዎችን በአንድ ቡድን የሚያሠሩ ከሆነ ቡናውን አብረው ይጠጡ፤ ክፍያውም በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ቀን ይሁን። ከንግግር ይልቅ ይህ ይሠራል።

ሥራው በየቤቱ ቢሠራ ይመረጣል፤ ልጅ ያላት ሴት ከቤት መራቅ ይከብዳታል። በሳምንት አንድ ቀን ግን ሁሉም ሥራቸውን ይዘው አንድ ቦታ ይገናኙ። በዚያ ቀን ሥራው ይመረመራል፣ ይከፈላል፣ የሚቀጥለው ማቴሪያል ይከፋፈላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይግዙ፦ የንባብ መነጽር። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር መደብዘዙ የተፈጥሮ ነው፤ መሶብ በዳበሳም ይሰፋል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አለላ ግን በዳበሳ አይሰፋም። «ዐይኔ ደክሟል፣ ከእንግዲህ አልችልም» ብለው ሥራውን የተዉ እናት መነጽር ሲያደርጉ የድሮ እጃቸው ይመለሳል። መነጽር ካልረዳቸው ሞራ ሊሆን ስለሚችል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዐይን ክፍል ይታዩ።

ሁለተኛ፦ ማቴሪያሉን በወቅቱ ያዘጋጁ

የስፌት ሆዱ ስንደዶ ነው፤ የሚጠቀለልበት ደግሞ አክርማ። አክርማው ቀለም ሲነከር አለላ ይሆናል። ሁለቱም ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም አካባቢ ይለቀማሉ፤ ያኔ ያልያዘ ሰው የዓመቱን ፍጆታ በውድ ይገዛል። በቅዳሜ ገበያ ሲገዙ ነዶውን ፈተው ይመልከቱ። መሐሉ የጠቆረ ሳይደርቅ የታሰረ ነው፤ ሽታው ሻጋታ ከሆነ ይተዉት። ለጉትቻ የሚሆነው ስንደዶ የላይኛው ቀጭን ክፍል ብቻ ነው፤ ወፍራሙን ለሰፌድ ለሚሰፉት ይሽጡላቸው።

ሴቶቹ ሣሩን ራሳቸው ለቅመው ከሆነ «በነጻ የተገኘ» ብለው አይመዝግቡት። የለቀሙበት ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር ወይም የገበያው ዋጋ ይከፈላቸው።

ቀለም አነካከሩ እንዲህ ነው። ምግብ የማይበሰልበት ድስት ለብቻው ይለዩ፤ ወደ ማድ ቤት አይመለስም። ከገበያ የተገዛውን የዱቄት ቀለም መጀመሪያ በጥቂት ሙቅ ውኃ ይበጥብጡ፤ ደረቁን ዱቄት የፈላ ውኃ ላይ ቢበትኑት ይጓጉላል፣ ሣሩም ዥንጉርጉር ይወጣል። ከዚያ በብዙ ውኃ ያፍሉት፤ ጥቂት ጨውና ኮምጣጤ ይጨምሩ። የተሰነጠቀውንና የታጠበውን አክርማ ላላ አድርገው አስረው ይንከሩት፤ እሳቱን ቀንሰው ቀለሙ እኩል እስኪገባ እያገላበጡ ይቆዩ። አውጥተው የሚወርደው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ያለቅልቁት። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል እንጂ ቀይና ሐምራዊውን ያነጣዋል። ጓንት ያድርጉ፤ የዱቄቱን ብናኝም አይተንፍሱት።

ለአንድ ዙር ምርት የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ይንከሩ። የዛሬው ቀይና የሳምንቱ ቀይ አንድ አይሆኑም፤ ጉትቻ ደግሞ ጥንድ ነው።

በቀለም ምርጫ የእኔ አስተያየት ቆጠብ ማለት ነው። መሶብ ላይ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ብርቱካንማና ሐምራዊ አብረው ያምራሉ፤ ሜዳው ሰፊ ነውና። በአራት ሴንቲ ሜትር ክብ ላይ ግን ከሁለት ቀለም በላይ ሲገባ ዐይን ያደናግራል። ያልተነከረው ሣር ያለው የገለባ ቀለም ራሱ ጌጥ ነው፤ መደቡን እርሱ ያድርጉት።

ሦስተኛ፦ ጉትቻውን መስፋት

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ቀጭን ወስፌ፣ ስለታም መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ውኃ የያዘ ሳህን፣ እርጥብ ጨርቅና ሁለት ትንንሽ ፒንሳዎች። የመሶብ ወስፌ ለዚህ ሥራ ይወፍራል፤ የሚበሳው ቀዳዳ የሥር ሣሩን ይሰነጥቀዋል። አንዱን በሞረድ አቅጥነው ለጉትቻ ብቻ ያስቀምጡት።

አለላውን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት አድርገው ይሰንጥቁ። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ከዚያ በላይ ከቆየ ቀለሙ ይለቃል፤ ካነሰ ሲታጠፍ ይሰበራል። ብዙ ሰፊዎች አለላውን በከንፈራቸው እያራሱ መሥራት ለምደዋል። ያልተነከረ ከሆነ ግድ የለም፤ በፋብሪካ ቀለም የተነከረን ሣር ቀኑን ሙሉ መምጠጥ ግን ለጤና አይበጅም። ሳህኑ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ሦስት ቀጫጭን ስንደዶ ይውሰዱ፤ ጫፋቸውን በሰያፍ ይቁረጡና አለላውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አጥብቀው ይጠቅልሉበት። ከዚያ ጫፉን አጥፈው ትንሽ ቀለበት ያድርጉት፤ ወስፌውን በመካከሉ አሳልፈው አለላውን ይጎትቱ። መካከሉ ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ከመርፌ ራስ መብለጥ የለበትም። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አጀማመሩ የላላ ጉትቻ በኋላ ቢጠብቅም መሐሉ ጎብጦ እንደ ኮፍያ ይነሣል። ሦስት ጊዜ ፈቶ መጀመር ቢያስፈልግ እንኳ ይፈታ።

አጀማመሩ ከተስተካከለ ቀሪው ዙር ነው። በእያንዳንዱ ስፌት ወስፌው የቀደመውን ዙር ጠርዝ ይበሳል፤ አለላው ያልፋል፤ ይጎተታል፤ አውራ ጣት ይጫነዋል። ስፌቶቹ ጎን ለጎን ገጥመው ስንደዶው በመካከላቸው እንዳይታይ ይሁኑ። አንዱ ስንደዶ ሊያልቅ ሲል፣ ሳያልቅ፣ አዲሱን ያስገቡ፤ ሦስቱም በአንድ ቦታ እንዲያልቁ ከተተዉ ዙሩ እዚያ ላይ ይቀጥናል። አንድ ዙር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ከወፈረ በስድስት ወይም በሰባት ዙር አራት ሴንቲ ሜትር ይሞላል፤ ለጆሮ የሚመች መጠን ነው።

ጌጡ ከሦስተኛው ዙር ላይ ቢጀምር ይበጃል። ክቡን በአራት ወይም በስምንት ይከፋፍሉና ክፍፍሉን በነጭ ክር ምልክት ያድርጉበት፤ ጥለቱ ሲያልቅ ክሩ ይነቀላል። ቀለም ሲቀይሩ የአሮጌውን ጭራ ከስንደዶው ጋር አብረው ይቅበሩት፤ ከጀርባ ቋጠሮ አይታይ። ሰፊዋ የራሷ ጥለት ካላት ያንን ትስፋ። ከስልክ የወጣ ሥዕል ሰጥቶ «ይህን አስመስለሽ ሥሪ» ማለት የምታውቀውን ትቶ የማታውቀውን መግዛት ነው።

ጥንዱን አንዱን ጨርሰው ሌላውን አይጀምሩ። ሁለቱን አብረው ያስኪዱ፤ አንድ ዙር እዚህ፣ አንድ ዙር እዚያ። እጅ ጠዋትና ማታ እኩል አይጠብቅም፤ ተለያይተው የተሰፉ ጥንዶች በመጠን ይለያያሉ፤ ገዢዋም መስታወት ፊት ስትቆም ወዲያው ታየዋለች።

መጨረሻው ላይ ስንደዶዎቹን አንድ በአንድ በሰያፍ አቅጥነው ይቁረጡ፤ ዙሩ በሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ቀስ እያለ ከቀደመው ጋር ይዋሃድ። የአለላውን ጭራ በአራት ስፌቶች ሥር መልሰው አሳልፈው ከሥሩ ይቁረጡ። ከዚያ ጉትቻዎቹን በጥቂቱ አርጥበው በሁለት ጣውላዎች መካከል፣ ድንጋይ ጭነውባቸው ያሳድሯቸው። ጠዋት ዝርግ ሆነው ይነሣሉ።

ጀርባውን በስስ የበግ ቆዳ ይሸፍኑት። ከጉትቻው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሚያንስ ክብ ቆርጠው በሰም በተቀባ ክር ዙሪያውን ይስፉት። ማስቲሽ ይፈጥናል፤ ግን ሣሩን ያደርቀዋል፣ ሽታው ከሣጥን አይለቅም፣ ሙቀት ሲያገኘውም ይላቀቃል። ቆዳው አንገትን ከመቧጨር ያድናል፤ የባለሙያዋን ምልክት ለማተምም ቦታ ይሰጣል።

መንጠቆውን በቀጥታ ሣሩ ላይ አይሰኩት፤ ሽቦ ሣርን እንደ ቢላዋ ይበላዋል። በላይኛው ዙር ሥር በጠንካራ ክር ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ የተሰፋ ዐይን ይሥሩ፤ የሽቦውን ቀለበት በዚያ ያሳልፉ፤ ቀለበቱን በሁለት ፒንሳ ወደ ጎን ጠምዝዘው ይክፈቱ እንጂ አይለጥጡት። መንጠቆው የማይዝግ ብረት ወይም ብር ይሁን። ርካሹ የሚያብለጨልጭ መንጠቆ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለበት፤ ኒኬል የማይስማማቸው ሰዎች ጆሮ ያሳክካል፣ ይቆስላል። መንጠቆ ላይ የተቆጠበ ብር የሙሉ ጥንዱን ስም ያጠፋል።

ከጉትቻው ጎን ሌላም

የሸክላ ዶቃ ከወለቃ ሴቶች ጋር የሚሠራ ጥሩ ተጓዳኝ ነው። ጭቃው ከተሰበረና ከተፈጨ ሸክላ ጋር ይለወሳል፤ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው ይህ ነው። ዶቃው በስንደዶ ላይ ተድቦልቡሎ ከነስንደዶው በጥላ ይደርቃል፤ በኩበት እሳት ሲተኮስ ስንደዶው ተቃጥሎ ቀዳዳው ይቀራል። በደንብ ያልደረቀ ዶቃ እሳት ውስጥ ይፈነዳል፤ ስለዚህ በክረምት ባይሞከር ይሻላል። ከልብስ ሰፊዎች የሚተርፈው የጥለት ቁራጭም በቆዳ ላይ ተሰፍቶ የእጅ አምባር ወይም የፀጉር ማሰሪያ ይሆናል።

ብሩን ለአንጥረኛ ይተዉ። ድሮ ድሪና ማርዳ የሚባለው የጎንደር የአንገት ጌጥ የሚሠራው ከማርያ ትሬዛ ብር እየቀለጠ ነበር፤ 28 ግራም የሚመዝነው ያ ገንዘብ ከመቶ ሰማንያ ሦስት ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ዛሬ አሮጌ ድሪ እየፈቱ ዶቃውን ለአዲስ ሐብል መጠቀም ፋሽን ሆኗል። አይሞክሩት። ቅርስ የሆነን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ ገዢዋ ሻንጣዋ ሲፈተሽ ልትቸገር ትችላለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አሮጌው ድሪ ከአዲሱ ሐብል ይበልጣል።

አራተኛ፦ መመርመር

በሳምንቱ የመገናኛ ቀን እያንዳንዱ ጥንድ በባለሙያዋ ፊት ይታያል። በነጭ እርጥብ ጨርቅ ይታሻል፤ ቀለም ከለቀቀ የነካሪው ጥፋት ነው፣ ሰፊዋ አትቀጣበትም። ሁለቱ ተደራርበው ይለካሉ። መንጠቆው በጣት ይጎተታል። መሐሉ የጎበጠ፣ ስንደዶው የታየ፣ ጭራው የወጣ ካለ የት ላይ እንደሆነ ለሰፊዋ ተነግሯት ይመለሳል። ያልተቀበሉትን በግማሽ ዋጋ «ለመርዳት» ብለው አይግዙ፤ መጥፎውን ርካሽ አድርገው ሲሸጡ ጥሩውም ርካሽ ይሆናል።

አምስተኛ፦ ዋጋውን ማውጣት

ብዙ ቡድን የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ። መጀመሪያ የሥራ ሰዓቱ መታወቅ አለበት። ጠይቀው ይሞክሩ፤

«እትዬ፣ ይህን ጥንድ ስንት ሰዓት ፈጀብዎት?»

«ምን ሰዓት አለው ልጄ፣ ቡና እያፈላሁ፣ ልጁን እያየሁ ነው የሰፋሁት።»

መልሱ እውነተኛ ነው፤ ለሂሳብ ግን አይሆንም። አንድ ቀን አብረው ቁጭ ይበሉና ሥራው ከስንጠቃው እስከ መንጠቆው ስንት እንደሚፈጅ በሰዓት ይያዙ። የፈጣኗንም የዘገምተኛዋንም ሳይሆን የመካከለኛዋን ይውሰዱ።

ቀጥሎ የሰዓት ክፍያ ይወሰን። ከዚህ በታች መውረድ የለበትም የምለው መለኪያ በከተማዋ የግንባታ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ የሚያገኘው ነው። ድንጋይ የሚያቀብል ሰው የሚከፈለውን ያህል እንኳ ካላገኘች ሙያዋ እንደ ሙያ አልተቆጠረም። ለምሳሌ ያህል የቀኑ ክፍያ 480 ብር ነው እንበል፤ ለስምንት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 60 ብር ይሆናል። ጥንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ከፈጀ የእጅ ዋጋው 150 ብር ነው።

በዚያ ላይ ሣርና ቀለም 15፣ መንጠቆና ቀለበት 20፣ ቆዳና ክር 10፣ ካርድና ከረጢት 5፤ ድምሩ 200 ብር። ከአሥር ጥንድ አንዱ ይበላሻል ብለው 20 ብር ይጨምሩ፤ 220። የቡድኑ መጠባበቂያ አሥር በመቶ፣ ማለትም 22 ብር፤ 242። ተጠግቶ 245 ብር የጅምላ ዋጋ ይሆናል። ሱቅ የራሱን ኪራይና ትርፍ ጨምሮ በ400 ወይም በ450 ይሸጠዋል። እርስዎ በባዛር በቀጥታ ሲሸጡም በዚያው በ450 ይሽጡ፤ በሱቁ ዋጋ ሥር ከገቡ ሱቁ ሁለተኛ አያዝዝም። ቁጥሮቹ የሂሳቡን መንገድ ለማሳየት የቀረቡ ናቸው፤ የራስዎን ሰዓትና የዕለቱን ገበያ ይተኩባቸው፤ በየሦስት ወሩም ይከልሱት፤ የመንጠቆና የቀለም ዋጋ ባለበት አይቆምም።

ዋጋው ከፍ አለ ከተባለ መቀነስ ያለበት ሰዓቱ ነው፤ የሰዓቱ ክፍያ አይደለም። ጉትቻውን ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያሳንሱት፤ ጥለቱን ያቅልሉት።

ስድስተኛ፦ ሲረከቡ ይክፈሉ

«ሲሸጥ እከፍልሻለሁ» የሚለው ስምምነት በሰፊው የተለመደ ነው፤ እኔ ግን እቃወመዋለሁ። ጌጡ ባይሸጥ ኪሳራውን የምትሸከመው ከሁሉም ያነሰ ገንዘብ ያላት ሴት ትሆናለችና። ሥራው ተመርምሮ ተቀባይነት ባገኘበት ቀን የእጅ ዋጋው ይከፈል። ገንዘቡ ካልበቃ የሚያዘው ጥንድ ይቀነስ።

ምን ያህል መነሻ እንደሚያስፈልግ ከወዲሁ ማስላት ይቻላል። አምስት ሴቶች በሳምንት ስድስት ስድስት ጥንድ ቢሰፉ 30 ጥንድ ነው፤ የእጅ ዋጋው 4,500፣ ማቴሪያሉ 1,500፣ በሳምንት 6,000 ብር። ለበዓል ስምንት ሳምንት ቀድመው የሚያከማቹ ከሆነ 48,000 ብር በእጅ ሊኖር ይገባል። ይህ ከሌለ በሦስት ሳምንት ምርት ጀምረው እየሸጡ ያስፉት። ዕቁብ አንዱ መንገድ ነው፤ ፀደይ ባንክም ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረ ስለሆነ ለአነስተኛ ተበዳሪ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ገበያው ሳይታወቅ ብድር ውስጥ ሴቶቹን አያስገቡ።

ክፍያው በራሷ ስም በወጣ ስልክ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ደብተሯ ይሁን፤ ስልክ ከሌላት በእጇ ይሰጣት። ለባል፣ ለወንድም ወይም ለ«ሰብሳቢ» አይሰጥም። መዝገቡ ተራ ደብተር ሊሆን ይችላል፦ ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ ብዛት፣ የተከፈለ ገንዘብ፣ ፊርማ። ማንበብ ለማትችለው ጮክ ተብሎ ይነበብላት፤ በጣቷም ትፈርም። የጅምላውና የችርቻሮው ዋጋም ከሁሉም ፊት ይጻፍ፤ ጉትቻዋ ስንት እንደሚሸጥ የማታውቅ ሰፊ ትንሽ ቆይታ ከሌላ ሰው ትሰማዋለች፤ ያኔ እምነቱ ይፈርሳል።

ሰባተኛ፦ ገበያውን ከበዓሉ ጋር ያያይዙ

የጎንደር ገበያ ዋናው ወቅት ጥምቀት ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለቀሚስ ብቻ አይደለም፤ ጉትቻውም ሹሩባውም ከዚያ ጋር ነው። ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከተማዋ ከመላ አገሪቱና ከውጭ በመጣ እንግዳ ትሞላለች፤ በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ምርቱ በኅዳር አጋማሽ ይጀመርና በታኅሣሥ መጨረሻ ይጠናቀቅ፤ በጥምቀት ሳምንት ማንም አይሰፋም። ጥር የሠርግ ወርም ስለሆነ ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ጉትቻ አስቀድሞ ማስተዋወቅ ያዋጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉም ይቆማል፤ ይህ ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርጎች የሚከማችበት፣ አዲስ ጥለት የሚሞከርበት ጊዜ ነው። ሰኔና ሐምሌ የምረቃ ነው።

የፋሲል ግቢን ቱሪስት ብቻ ተስፋ አድርጎ መጀመር ግን አያዋጣም። ከኮሮና ጀምሮ፣ ከዚያም በጦርነቱና በጸጥታው ችግር ምክንያት የውጭ እንግዳ መቅረት ምን ያህል ሰው ባዶ እጁን እንዳስቀረ ፒያሳ ያሉ ባለ ሱቆች ያውቁታል። መጀመሪያ የጎንደር ሴት የምትገዛውን ይሥሩ፤ ቱሪስቱ ሲመጣ እርሱም ያንኑ ይገዛል።

ፎቶግራፉን ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ በነጠላ ላይ አድርገው ያንሡ፤ አንዱን ደግሞ ጆሮ ላይ ተደርጎ፤ መጠኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። የሰፊዎቹን ፊት ከማንሣትዎ በፊት ፎቶው የት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያየው ነግረው ፈቃዳቸውን ይጠይቁ። እምቢ ያለች እጇ ብቻ ይነሣ። ካርዱ ላይ የችግሯን ታሪክ አይጻፉ፤ «አክርማና ስንደዶ፣ በጎንደር በእጅ የተሰፋ፤ ውኃ አያስነኩት፤ ሲቆሽሽ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት» የሚለው ለገዢዋ ይጠቅማታል። የሰፊዋ ስም ከፈለገች ይግባ።

ስለ ጥለት አንድ ማሳሰቢያ፦ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ለዐይን ይማርካሉ፤ ነጋዴውም ሁሉ ላይ ያትማቸዋል። ጆሮ ላይ ተንጠልጥለው ማየት የማይወዱ ምእመናን ግን ብዙ ናቸው፤ ሰፊዎቹም ራሳቸው ሊከብዳቸው ይችላል። ሳይጠይቁ አይዘዙ።

ስምንተኛ፦ ሕጋዊ መሆን

ለጎረቤትና ለባዛር በትንሹ እየሸጡ ገበያውን ይፈትኑ። ሱቆችና ሆቴሎች ደረሰኝ መጠየቅ ሲጀምሩ ግን ጊዜው ደርሷል። በክፍለ ከተማው የሥራ ዕድል ፈጠራን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄደው በጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ለመደራጀት የሚያስፈልገውን ይጠይቁ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ይከተላል። መሥሪያና መሸጫ ቦታ፣ የባዛር ተሳትፎና ሥልጠና በዚያ በኩል ስለሚመጣ ወረፋው አያስመርርዎ። ስትደራጁ ሰፊዎቹ በስም ሳይሆን በፊርማ አባል ይሁኑ፤ የባንክ ሂሳቡን ከሚያንቀሳቅሱት ሁለት ፈራሚዎች ቢያንስ አንዷ ከመካከላቸው ትሁን።

ትልቅ ትዕዛዝ ሲመጣ፣ ለምሳሌ አንድ ሆቴል ለስብሰባ ተሳታፊዎች 200 ጥንድ በሁለት ሳምንት ቢጠይቅ፣ «እሺ» ከማለትዎ በፊት ሰዓቱን ያባዙ፦ 500 የሥራ ሰዓት ነው። አምስት ሴቶች በሳምንት አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሰዓት ሲሠሩ በሁለት ሳምንት 150 ሰዓት ብቻ ይኖራቸዋል፤ ይኸውም 60 ጥንድ። ወይ ቀኑ ይራዘም፣ ወይ ብዛቱ ይቀነስ፣ ወይ ከአጎራባች ሰፈር ሌሎች ሰፊዎች በዚያው የሰዓት ክፍያ ይጨመሩ። ቀብድ ካልተከፈለ ሣሩ እንኳ አይነከር፤ ቀብዱም ቢያንስ የእጅ ዋጋውን በሙሉ መሸፈን አለበት፤ በላይኛው ሂሳብ 200 ጥንድ 30,000 ብር ማለት ነው።